ከጃኪ ሮቢንሰን 63 ዓመት በፊት፦ ስለ ጥንቶቹ የቤዝቦል ተጫዋቾች ብዙ ሰው የማያውቀው

የሜሪላንዱ ጻፈ፦

ሰላም ለቤቱ። በየዓመቱ ኤፕሪል 15 ቀን የሜጀር ሊግ (የአሜሪካ ከፍተኛው የቤዝቦል ሊግ) ተጫዋቾች በሙሉ 42 ቁጥር ለብሰው ሜዳ ሲገቡ አይታችኋል፤ የጃኪ ሮቢንሰን ቀን ነው። ልጆቻችንም ከትምህርት ቤት «በሜጀር ሊግ የተጫወተ የመጀመሪያው ጥቁር፣ 1947» የሚል ይዘው ይመጣሉ። ለሮቢንሰን የሚሰጠው ክብር ይገባዋል፣ ቅንጣት አይቀነስበት። ግን ከእሱ 63 ዓመት ቀድሞ በዚያው ደረጃ የተጫወተ ጥቁር እንደነበረ ስንቶቻችን እናውቃለን? (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ሞዝስ ፍሊትዉድ ዎከር ይባላል። በ1856 ኦሃዮ ውስጥ ተወለደ፤ ኦበርሊን ኮሌጅ ተማረ፣ ከዚያም ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ገባ። በ1884 የቶሌዶ ቡድን ወደ አሜሪካን አሶሴሽን ሲያድግ ካቸሩ እሱ ነበር። ይህ ሊግ ዛሬም በመዝገብ ሜጀር ሊግ ተብሎ ነው የሚቆጠረው። ዎከር 42 ጨዋታ ተጫውቶ .263 መታ (ከሺህ ሙከራ 263 ያህሉ ተሳካለት እንደ ማለት ነው)፤ በዚያ ዘመን ለካቸር ጥሩ የሚባል ነው።

ጨዋታውን ለማትከታተሉ፦ ካቸር ማለት ከመቺው ጀርባ ቁጢጥ ብሎ የፒቸሩን (የወርዋሪውን) ኳስ የሚቀበለው ነው። ዛሬ የፊት ጭምብል፣ የደረትና የእግር መከላከያ፣ ወፍራም ጓንት አለው። ዎከር ብዙ ጊዜ በባዶ እጁ፣ ቢበዛ ጣቱ በተቆረጠ ስስ የቆዳ ጓንት ነበር የሚቀበለው። በዚያ ላይ የቡድኑ ፒቸር ቶኒ ሙሌን የሚባለው ሰው ከዓመታት በኋላ በራሱ አንደበት የተናገረውን ስሙ፦ አብረውኝ ከሠሩት ካቸሮች ሁሉ የሚበልጠው ዎከር ነበር፣ ነገር ግን ጥቁር ስለምጠላ የሚሰጠኝን ምልክት ሳላይ ያሻኝን እወረውርለት ነበር አለ። እንግዲህ አስቡት፤ ከ50 ጫማ ርቀት የተወረወረ ጠንካራ ኳስ፣ ወዴት እንደሚመጣ ሳያውቅ፣ በባዶ እጅ። ዎከር ጣቱና የጎኑ አጥንት የተጎዳው በዚህ ሁኔታ ሲሠራ ነው። እንዲያም ሆኖ «አብረውኝ ከሠሩት የሚበልጥ» አስባለው።

እዚህ ላይ አንድ ሌላ ስም አለ፦ ካፕ አንሰን። የቺካጎ ቡድን አለቃና የዘመኑ ትልቁ ኮከብ። ኦገስት 10 ቀን 1883 ቺካጎ ለወዳጅነት ጨዋታ ቶሌዶ መጣ፤ አንሰን «ጥቁር ካለ አንጫወትም» አለ። የሚገርመው ዎከር ያን ቀን እጁን ታሞ ሊያርፍ ነበር። የቶሌዶው አሠልጣኝ ይህን ሲሰማ እልህ ያዘውና ዎከርን ሜዳ አስገባው፤ ለአንሰንም «ካልተጫወትክ የመግቢያውን ድርሻ አታገኝም» ብሎ ላከበት። አንሰን ተጫወተ። ከአራት ዓመት በኋላ ግን ነገሩ ተገለበጠ። ጁላይ 14 ቀን 1887 ዎከርና ጥቁሩ ፒቸር ጆርጅ ስቶቪ በኒውአርክ ማሊያ ከአንሰን ቡድን ጋር ሊጋጠሙ ነበር፤ ሁለቱም አልተሰለፉም። በዚያው ቀን ኒውአርክ የሚጫወትበት፣ ከሜጀር ሊግ በታች ያለው የኢንተርናሽናል ሊግ ባለቤቶች ተሰብስበው ከእንግዲህ ከጥቁር ተጫዋች ጋር አዲስ ውል እንዳይጸድቅ ወሰኑ።

እኔን የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። ብዙዎቻችን በሩ ከመጀመሪያውም ዝግ ነበር፣ ሮቢንሰን መጥቶ ከፈተው ብለን ነው የምናስበው። በሩ ገርበብ ብሎ ነበር፤ ሰዎች ተሰብስበው ዘጉት፤ ከዚያ 60 ዓመት ቆየ። እስቲ እናንተም ስለ ጥንቶቹ፣ ከ1900 በፊት ስለጀመሩት የምታውቁትን አክሉበት።


መዝገብ ፈላጊ ጻፈ፦

የሜሪላንዱ፣ ጥሩ ርእስ ነው የከፈትከው። ግን «የመጀመሪያው» ለሚለው ሌላ ሰው አለ፣ ዊልያም ኤድዋርድ ዋይት። ጁን 21 ቀን 1879 የፕሮቪደንስ ግሬይስ አንደኛ ቤዝ (ሯጩ በተራ ከሚረግጣቸው ማዕዘኖች የመጀመሪያው) ተጫዋች ተጎድቶ ነበርና ቡድኑ እዚያው ከተማ ካለው ብራውን ዩኒቨርሲቲ አንድ ተማሪ ጠርቶ አሰለፈ። ልጁ አንድ ምት መታ፣ ቡድኑም ክሊቭላንድን አሸነፈ። ከዚያ በኋላ በሜጀር ሊግ አልተጫወተም። አንድ ቀን ብቻ!

ለ120 ዓመት ያህል ይህ ስም ከመዝገቡ ግርጌ ተኝቶ ነበር። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ላይ የቤዝቦል ታሪክ ተመራማሪዎች የሕዝብ ቆጠራና የትምህርት ቤት መዛግብት ሲያገላብጡ ማንነቱ ወጣ። የተወለደው ጆርጂያ ነው፤ እናቱ በባርነት የነበረች፣ አባቱ ደግሞ ባለቤቷ የነበረው ነጭ። በሕግ ዓይን ባሪያ ሆኖ ነው የተወለደው። በኋላ ቺካጎ ሄዶ እንደ ነጭ ኖሮ በ1937 ሞተ። ስለዚህ በቅደም ተከተል ካየነው ዋይት ዎከርን በአምስት ዓመት ይቀድማል።


ሕግ አጥኚ ጻፈች፦

ወንድሜ መዝገብ ፈላጊ፣ በዚህ አልስማማም። ዋይት ሜዳ የገባው ማንም ሰው ነጭ ነው ብሎ ስላሰበ ነው፤ ተመልካቹም ጋዜጣውም አላወቀም። ዎከር ግን ማንነቱ በግልጽ እየታወቀ፣ እየተሰደበ፣ እየተዛተበት ነው የተጫወተው። ቶሌዶ ወደ ሪችመንድ ቨርጂኒያ ሊሄድ ሲል እኮ ለአሠልጣኙ ደብዳቤ ደርሶት ነበር፤ ዎከር ማሊያ ለብሶ ከታየ 75 ሰዎች ሊደበድቡት ተማምለዋል የሚል። ቡድኑ ሪችመንድ ሲጫወት ዎከር አብሮ አልነበረም። ታዲያ ክልከላውን ፊት ለፊት የተጋፈጠው የመጀመሪያው ሰው እሱ ካልሆነ ማን ነው?


መዝገብ ፈላጊ ጻፈ፦

እህቴ፣ የዎከርን ድፍረት አላጣጣልኩም። ግን ዋይት ያደረገውን ቀላል አድርገን አንየው። ከባርነት ተወልዶ፣ ብራውን ዩኒቨርሲቲ ገብቶ፣ በሰው ሁሉ ፊት ሜዳ ላይ ቆሞ፣ ከዚያ ዕድሜውን በሙሉ ማንነቱን ደብቆ መኖር። ይህን የጫነበት ያው የተዘጋው በር ነው። ሁለቱንም በየፊናቸው እንቁጠራቸው ባይ ነኝ።


የምልክት አስተርጓሚ ጻፈች፦

እኔ እዚሁ ዲሲ የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ነኝ፤ ስለዚህ የማመጣላችሁ ሰው የታወቀ ነው፦ ዊልያም ሆይ።

ሆይ በ1862 ኦሃዮ ተወለደ። በሦስት ዓመቱ በማጅራት ገትር ታሞ የመስማት ችሎታውን ሙሉ በሙሉ አጣ። የኦሃዮ መስማት የተሳናቸው ትምህርት ቤትን ከክፍሉ አንደኛ ሆኖ ጨረሰና ጫማ ሠሪ ሆነ። በ1888 ወደ ዋሽንግተን ናሽናልስ ሲመጣ በመጀመሪያ ዓመቱ 82 ቤዝ ሰርቆ (መቺው ኳሱን ሳይመታ ወደ ቀጣዩ ቤዝ ሮጦ ደርሶ) ሊጉን መራ። (ዩኒየን ስቴሽን ታክሲ ይዛችሁ የምትቆሙ ወንድሞች፣ የቡድኑ ሜዳ እዚያው አካባቢ ነበር። ስዋምፑድል ይሉት ነበር።)

እኔን የሚማርከኝ እንዴት ይሠራ እንደነበር ነው። መስማት የማይችል ሰው ሜዳ መሀል ሲሮጥ ትልቁ አደጋ ግጭት ነው፤ ሁለት ሰው አንድ ኳስ ወደ ላይ እያየ ይሮጣል፣ የሚሰማው ሰው ጓደኛው ሲጮህ ይቆማል፣ ሆይ ግን አይሰማም። እሱ ምን አደረገ? ለጓደኞቹ በጽሑፍ ማሳሰቢያ አወጣ። ይዘቱ ባጭሩ፦ ኳሱን እኔ የምይዘው ከሆነ እጮኻለሁ፣ ልቀቁልኝ፤ ድምፄን ካልሰማችሁ አልመጣሁም ማለት ነውና እናንተ ያዙት። ሸክሙን ወደ ራሱ አዞረው ማለት ነው። እነሱ የሱን ድምፅ ይሰማሉ፣ እሱ የማንንም መስማት አያስፈልገውም።

መቺ ሲሆን ደግሞ ሌላ ችግር ነበረበት። ዳኛው ቦል (የተበላሸ ውርወራ) ይሁን ስትራይክ (ትክክለኛ ውርወራ) የሚናገረው በአፉ ስለነበር ሆይ ዞሮ መጠየቅ ነበረበት፤ ፒቸሮቹ ገና ሳይዘጋጅ ይወረውሩበት ነበር። መፍትሔው፣ ሦስተኛ ቤዝ አጠገብ የሚቆመው የቡድኑ ሰው በእጁ እንዲያሳየው አደረገ፣ አንዱ እጅ ለቦል፣ ሌላው ለስትራይክ።

ጁን 19 ቀን 1889 በአንድ ጨዋታ ሦስት ሯጮችን ከሩቅ ሜዳ በቀጥታ ወደ ሆም ፕሌት (ሯጭ ደርሶ ነጥብ ወደሚያገኝበት ቦታ) ወርውሮ አስወጣ። ኳሶቹን የተቀበለው ካቸር ኮኒ ማክ ነው፣ በኋላ ፊላዴልፊያን ለ50 ዓመት ያሠለጠነው። ተመልካቹም ጭብጨባ እንደማይሰማው ስለሚያውቅ ብድግ ብሎ ባርኔጣና ክንዱን ያወዛውዝለት ነበር፤ እኛ ዛሬ እጃችንን አየር ላይ አርገብግበን እንደምናጨበጭበው ማለት ነው።

ሚስቱም መስማት የተሳናት መምህርት ነበረች። ቤታቸው በር ላይ ደወል ዋጋ ስለሌለው እንግዳው ገመድ ሲስብ የእርሳስ ኳስ ተለቆ ወለሉ ላይ ዱብ ይላል፤ እነሱ ንዝረቱን በእግራቸው ሲያውቁት በር ይከፍታሉ። ያ ሰው ነው 14 ዓመት በሜጀር ሊግ የተጫወተው፣ ከ2,000 በላይ ምት የመታው።


አራት ኪሎ ጻፈ፦

እህቴ የምልክት አስተርጓሚ፣ ዳኞች ዛሬ የሚያሳዩትን የእጅ ምልክት የጀመሩት በሆይ ምክንያት ነው የሚባለውስ? እዚህ የምሠራበት ቦታ ያሉ አሜሪካውያን እንደ እርግጥ ነው የሚያወሩት።


የምልክት አስተርጓሚ ጻፈች፦

መስማት በተሳናቸው ማኅበረሰብ ዘንድ በጣም የሚወደድ ታሪክ ነው፣ እኔም ስወደው ኖሬያለሁ። ግን በዘመኑ በታተሙ ጋዜጦች ዳኞች ለሆይ ብለው ምልክት ጀመሩ የሚል ማስረጃ አልተገኘም፤ የዳኞቹ ምልክት በሰፊው የመጣው እሱ በ1902 ከሜጀር ሊግ ከወጣ በኋላ ነው። የተረጋገጠው ከራሱ ቡድን ጋር የተስማማበት ምልክት ነው። ለእኔ እሱም በቂዬ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ሜይ 16 ቀን 1902 ሆይ ለሲንሲናቲ ሲጫወት የኒውዮርክ ጃይንትስ ፒቸር ሉተር ቴይለር ነበር፤ እሱም መስማት የተሳነው። በሜጀር ሊግ ሁለት መስማት የተሳናቸው ሰዎች ፒቸርና መቺ ሆነው ፊት ለፊት የተገናኙበት ቀን ነው፤ ሆይ በምልክት ቋንቋ «ስላየሁህ ደስ ብሎኛል» አለው። በቴይለር ቡድን ደግሞ አሠልጣኙ ጆን ማክግሮው ሳይቀር ተጫዋቾቹ የምልክት ቋንቋ ተምረውለት ነበር። አንድ ሰው ከሚቸገር ሁሉም የሚማርበት ቤት!

ሆይ በ1961 ወርልድ ሲሪስ (የሜጀር ሊግ የፍጻሜ ጨዋታዎች) ላይ የመክፈቻ ኳስ ወረወረ፤ በዚያው ዓመት ዲሴምበር በ99 ዓመቱ አረፈ። ጋሎዴት ዩኒቨርሲቲ ያለው የቤዝቦል ሜዳ በስሙ ነው የሚጠራው፤ ፍሎሪዳ አቬኑን የምታውቁ በየቀኑ በአጠገቡ ታልፋላችሁ።


የወጣቶች ደሴት ጻፈ፦

ልጆች፣ ይህን ክር ሳነብ እንቅልፍ አጣሁ። እኔ በደርግ ጊዜ አባቶቻችን በሶማሌ ጦርነት ከተሰዉ በኋላ ወደ ኩባ ከተላክነው አንዱ ነኝ። የወጣቶች ደሴት ትምህርት ቤት ስንደርስ የምናውቀው እግር ኳስ ብቻ ነበር፤ ኩባዎቹ ግን ፔሎታ (ቤዝቦልን እንዲህ ነው የሚሉት) ካሉ ምግብ አያስፈልጋቸውም። አስተማሪያችን ማሳ ዳር ላይ ዱላ ይዞ ሲያሰለጥነን ስለ አንድ ሰው ደጋግሞ ያወራ ነበር፦ ኤስቴባን ቤያን።

ቤያን ሀቫና ተወልዶ ኒውዮርክ ብሮንክስ በሚገኘው የቅዱስ ዮሐንስ ኮሌጅ፣ ዛሬ ፎርዳም በሚባለው፣ ተማረ። የመጀመሪያው የባለሙያዎች ሊግ በ1871 ሲመሠረት ለትሮይ ሄይሜከርስ ተሰለፈ። እንግዲህ ዛሬ ሜጀር ሊግን የሞሉት የላቲን አሜሪካ ልጆች በሙሉ ቀዳሚ እሱ ነው፤ ሊጉ በተከፈተበት ዓመት! ከዚያ አገሩ ተመለሰና ዲሴምበር 27 ቀን 1874 ማታንሳስ ከተማ ፓልማር ደ ሁንኮ ሜዳ ላይ ሀቫናን ይዞ ተጫወተ። ውጤቱ 51 ለ 9፤ እሱ ብቻውን ሦስት ሆም ረን (መቺው ቤዞቹን ሁሉ በአንዴ ዞሮ የሚጨርስበት ምት) መታ። ኩባዎች ያን ጨዋታ እንደ ልደት ቀን ነው የሚያነሡት። ያኔ በስፔን ሥር ስለነበሩ የስፔኑን የበሬ ትግል ትቶ ቤዝቦል መሄድ ራሱ ማንነትን መግለጫ ነበር።

አሁን ደግሞ ከዚህ ተያይዞ የሚመጣ ጉድ አለ። በ1885 ሎንግ አይላንድ ባቢሎን በምትባል ከተማ አርጋይል ሆቴል ዙሪያ አንድ ቡድን ተቋቋመ። ተጫዋቾቹ ጥቁር አሜሪካውያን፣ ከሆቴሉ አስተናጋጆች ጋር የተሳሰሩ። በአሜሪካ የመጀመሪያው ደሞዝ የሚከፈለው የጥቁሮች ቡድን ሆነ። ስሙን ታውቃላችሁ? «ኩባን ጃይንትስ»! ሲመሠረት አንድም ኩባዊ አልነበረበትም። ደሞዙን በኋላ ራሱ የቡድኑ ተጫዋች የነበረው ሶል ዋይት ጽፎታል፦ ለፒቸርና ለካቸር በሳምንት 18 ዶላር፣ ለውስጥ ሜዳ ተጫዋቾች 15፣ ለውጭ ሜዳ 12፣ ከወጪ ጋር። ምግብ ከማመላለስ የተሻለ እንጀራ ነበር።


አራት ኪሎ ጻፈ፦

ጋሼ፣ ታሪክዎ ልብ ይነካል፣ እድሜ ይስጥልን። ታዲያ ለምን ኩባ ነን አሉ? ለመደበቅ ነው?


የወጣቶች ደሴት ጻፈ፦

ልጄ፣ ሶል ዋይት በሸመገለ ጊዜ እንዲህ ተርኳል፦ ሜዳ ላይ ሲሆኑ ስፓኒሽ የሚመስል ትርጉም የሌለው ነገር እየተንጫጩ ነጩን ተመልካች ያሳምኑ ነበር ብሏል። ስፓኒሽ አድርጌ ላደግሁት ለእኔ ይህን መስማት ሁለት ነገር ነው፤ ያስገርማል፣ ያሳምማልም። የዘመኑ ጋዜጦች ግን ጥቁሮች መሆናቸውን እያወቁ በግልጽ ይጽፉ ነበርና ማንም የተታለለ አይመስለኝም። ስሙ ለተመልካቹም ለባለሜዳውም ነገሩን የሚያለሳልስ መሸፈኛ ነበር ባይ ነኝ። ከዚያ በኋላማ የጥቁሮች ቡድን ሁሉ «ጃይንትስ» መባል ወደደ፤ ሚሺጋን ውስጥ ፔጅ ፌንስ ጃይንትስ የሚባሉት በራሳቸው የባቡር ፉርጎ ይዞሩ ነበር፤ ሆቴል ስለማያሳድራቸው ፉርጎው ውስጥ ይበላሉ፣ ይተኛሉ። ከተማ ሲደርሱ በብስክሌት ሰልፍ ወጥተው ሕዝቡን ይጠራሉ።


ሕግ አጥኚ ጻፈች፦

ፔጅ ፌንስን ካቋቋሙት አንዱ ባድ ፋውለር አይደል? እሱ ብቻውን ክር ይወጣዋል። በ1878 ማሳቹሴትስ ውስጥ በባለሙያ ቡድን ተቀጥሮ የተጫወተ፣ ከዎከርም ከስድስት ዓመት በፊት፤ ሜጀር ሊግ ባይሆንም ደሞዝ የሚከፈልበት የነጮች ሊግ ነው። ጥሩ መሆኑ እየታየ የቡድን ጓደኞቹ ከጥቁር ጋር አንጫወትም ሲሉ ይባረራል፤ ሌላ ከተማ ሄዶ ይቀጠራል፤ እንደገና። በመሀል በፀጉር ቆራጭነት ይተዳደራል። ሁለተኛ ቤዝ ላይ ነጮቹ ሯጮች ሆን ብለው በጫማቸው ሹል ብረት ስለሚወጉ፣ እሱ ወይም የዘመኑ ባልደረባው ፍራንክ ግራንት ቅልጥሙ ላይ እንጨት አስሮ ይጫወት ነበር ይባላል።

ያደገው የት መሰላችሁ? ኩፐርስታውን፣ ኒውዮርክ። የቤዝቦል የክብር አዳራሽ ባለበት ከተማ። አዳራሹ ግን እሱን ያስገባው በ2022 ነው።

እኔን በሙያዬ የሚስበኝ ደግሞ ጆን ሞንትጎመሪ ዋርድ ነው። ልጅ እያለ ወላጆቹን አጣ። ጁን 17 ቀን 1880 አንድም ሰው ቤዝ ያልረገጠበትን ፍጹም ጨዋታ ወረወረ፤ በታሪክ ሁለተኛው ነው፤ የመጀመሪያው አምስት ቀን ቀድሞ በሊ ሪችመንድ ተወርውሯል። ከዚያ በኋላ በናሽናል ሊግ እንዲህ ያለ ጨዋታ እስኪገኝ 1964 ድረስ 84 ዓመት አለፈ! ዋርድ ክንዱ ሲደክም መቺና ሾርትስቶፕ (በሁለተኛና በሦስተኛ ቤዝ መካከል የሚቆመው ተጫዋች) ሆነ። በዚህ ሁሉ መሀል ኮሎምቢያ ሕግ ትምህርት ቤት ገብቶ በ1885 ተመረቀ።

ሕጉን ለምን ፈለገው? በ1879 የቡድን ባለቤቶች በምስጢር ተስማምተው ነበር፦ እያንዳንዱ ቡድን አምስት ተጫዋች «የኔ ነው» ብሎ ይይዛል፣ ሌላው አይነካበትም። ቀስ በቀስ ሁሉንም ተጫዋች ጠቀለለ። ውልህ ቢያልቅም የቡድኑ ንብረት ነህ፤ ይሸጥሃል፣ ይለውጥሃል፣ ደሞዝህን እሱ ይቆርጣል። ዋርድ በ1885 የተጫዋቾችን ማኅበር መሠረተ፤ በ1887 ተጫዋች እንደ ከብት የሚነዳ ንብረት ነው ወይ ብሎ በስሙ ጻፈ፤ በ1890 አብዛኞቹን ኮከቦች ይዞ ወጥቶ ተጫዋቾች ራሳቸው ድርሻ ያላቸውን ሊግ አቋቋመ። አንድ ዓመት ብቻ ነው የቆየው፤ ገንዘብ ያወጡት ሰዎች ከድሮዎቹ ባለቤቶች ጋር ተደራድረው ለቀቁት። ተጫዋቹን የቡድኑ ንብረት የሚያደርገው ያ ደንብ እስከ 1975 አልተሰበረም። ዛሬ በመቶ ሚሊዮኖች ስለሚፈርሙት ስንሰማ ይህን ሰው ማስታወስ ይገባል።


የሜሪላንዱ ጻፈ፦

ሕግ አጥኚ፣ ደሞዝ ካነሣሽ የመጀመሪያዎቹን ልጨምር። በግልጽ ሁሉም ደሞዝተኛ የሆነበት የመጀመሪያው ቡድን የ1869 ሲንሲናቲ ሬድ ስቶኪንግስ ነው። ትልቁ ተከፋይ ጆርጅ ራይት በዓመት 1,400 ዶላር፣ ወንድሙና አሠልጣኙ ሃሪ 1,200። ሃሪ የተወለደው እንግሊዝ አገር ሼፊልድ ነው፣ አባቱ የክሪኬት ባለሙያ፣ እሱ ራሱ የጌጣ ጌጥ ሙያ የተማረ። የሲንሲናቲ ተወላጅ ተጫዋች አንድ ብቻ ነበር፤ ቻርሊ ጉልድ። በዚያ ዓመት 57 ጨዋታ አሸንፈው አንድም አልተሸነፉም፤ አገር አቋራጩ ባቡር በተጠናቀቀ በወራት ውስጥ ሳንፍራንሲስኮ ድረስ ሄደው ተጫውተዋል። የተሸነፉት በቀጣዩ ዓመት ጁን ላይ ብሩክሊን ውስጥ፣ 8 ለ 7፣ በ11ኛው ኢኒንግ (ሁለቱም ቡድኖች በየተራ የሚመቱበት ዙር)።


ቺካጎ ያለሁ ጻፈ፦

ከእናንተ ተምሬ አልጠግብም። የእኔ ሰው ቢሊ ሰንዴይ ነው። የወንጌል ሰዎች ስሙን እንደ ሰባኪ ታውቁታላችሁ፤ ስንቶች ግን ሰባኪ ከመሆኑ በፊት ስምንት ዓመት የሜጀር ሊግ ተጫዋች እንደነበር ታውቃላችሁ? አባቱ በእርስ በርስ ጦርነቱ ወታደር ሆኖ ሞቶ አይዋ ውስጥ በሙት ልጆች ማሳደጊያ አደገ። ቺካጎ ያመጣው ያ ከላይ ያነሣችሁት ካፕ አንሰን ነው፤ ፈጣን ሯጭ ስለነበር። በ1890 ብቻ 84 ቤዝ ሰረቀ። እዚህ ቺካጎ ፓስፊክ ጋርደን ሚሽን የጎዳና አገልጋዮችን ሰምቶ ነው ሕይወቱ የተለወጠው። በ1891 የ3,500 ዶላር የቤዝቦል ውል ቀርቦለት እምቢ ብሎ በወር 83 ዶላር ዋይኤምሲኤ (ወወክማ) ገብቶ አገለገለ። ይህን ሳነብ በጣም ነው የተነካሁት፤ ሚስትና ልጅ ያለው ሰው ነበር።


አራት ኪሎ ጻፈ፦

እኔም አንድ ልጣል። ቻርልስ ራድበርን፣ የሥጋ ቤት ልጅ። በ1884 የፕሮቪደንስ ሌላኛው ፒቸር ጁላይ ላይ ከቡድኑ ጋር ተጣልቶ ጥሎ ሲሄድ ራድበርን የቀረውን ሁሉ እኔ እወረውራለሁ አለ፤ በምትኩ ጭማሪ ደሞዝና በዓመቱ መጨረሻ ነፃ መለቀቅ ጠየቀ። ከዚያ በኋላ ከነበሩት 43 ጨዋታዎች 40ውን ጀመረ። ያሸነፈው እንደ አቆጣጠሩ 59 ወይም 60 ነው፤ ከ678 ኢኒንግ በላይ። ዛሬ አንድ ፒቸር 200 ኢኒንግ ከደረሰ ብርቱ ይባላል። ጠዋት ጠዋት ክንዱ ከመታመሙ የተነሣ ፀጉሩን ማበጠር ያቅተው ነበር ይላሉ። መጨረሻ ላይ የዋንጫውን ሦስቱንም ጨዋታ እሱ ወረወረ፣ ሦስቱንም አሸነፈ። በ1897 ገና በአርባዎቹ መጀመሪያ ሞተ።


መዝገብ ፈላጊ ጻፈ፦

ወደ እኛ አካባቢ የቀረበችው አንዲት ጨዋታ ስላለች ሳልጽፍ አላልፍም። በ1888 መጨረሻ ስፖልዲንግ የሚባለው፣ ፒቸር የነበረና በኋላ የስፖርት ዕቃ ነጋዴ የሆነው፣ ሁለት ቡድን ይዞ ዓለምን ዞረ። ሃዋይ፣ ኒውዚላንድ፣ አውስትራሊያ፣ ሲሎን (የዛሬዋ ስሪላንካ)፤ ከዚያ ቀይ ባሕርን ቀዝፈው ሱዌዝ ገቡ። ፌብሩዋሪ 9 ቀን 1889 በግመልና በአህያ ጊዛ ድረስ ሄደው ፒራሚዶቹ ሥር አሸዋ ላይ ተጫወቱ። መርከባቸው ከምጽዋ ፊት ለፊት ያለውን ባሕር ሲያልፍ አፄ ዮሐንስ መተማ ላይ ሊወድቁ የቀራቸው አንድ ወር ገደማ ነበር። ያኔ እኛ ዘንድ ምን እየሆነ እንደነበር ሳስብ ግርም ይለኛል።

ከቡድኑ ጋር ክላረንስ ዱቫል የሚባል ጥቁር ወጣት ነበር። ተጫዋች አይደለም፤ እንዲያስጨፍርና እንዲያስቅ የተወሰደ፣ በየወደቡ የተዋረደ። ከተጓዦቹ አንዱ የነበረው አንሰን በኋላ ስለ ሕይወቱ በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ ስለ እሱ የተጠቀመበት ቃል ዛሬ አይነበብም። ዎከርን ሜዳ ያልፈቀዱለት ሰዎች ጥቁርን ይዘው ዓለም ሲዞሩ የፈቀዱለት ቦታ ይኸው ብቻ ነበር።


ሕግ አጥኚ ጻፈች፦

የሜሪላንዱ፣ ዎከር ከ1887 በኋላ የት ደረሰ? ሳትነግረን እንዳትተኛ።


የሜሪላንዱ ጻፈ፦

በታናናሾቹ ሊጎች እስከ 1889 ሲራኪዩስ ውስጥ ተጫወተ። ከእሱ በኋላ ኢንተርናሽናል ሊግ ውስጥ እስከ 1946 ድረስ ጥቁር አልታየም፤ የታየውም ራሱ ሮቢንሰን ነው፣ ለሞንትሪያል።

በ1891 እዚያው ሲራኪዩስ ነጮች ከበው ሲተናኮሉት አንዱን በቢላ ወጋና ሰውየው ሞተ። በነፍስ ግድያ ተከሰሰ፤ አባላቱ በሙሉ ነጭ የሆኑበት የፍርድ ሸንጎ ነፃ ብሎ አሰናበተው። በዚያው ዓመት ለመድፍ ጥይት የፈጠራ ባለቤትነት ወረቀት አገኘ። በኋላ ኦሃዮ ካዲዝ ከተማ የቴያትርና የሲኒማ ቤት ያስተዳድር ነበር፤ ፊልም ሲያሳይ የፊልሙ ጥቅል ማለቁን የሚያሳውቅ መሣሪያም ፈልስፎ በ1920 አስመዘገበ። ከወንድሙ ከዌልዲ ጋር፣ እሱም በ1884 ለቶሌዶ ተጫውቷል፣ ጋዜጣ ያዘጋጅ ነበር። በ1908 ደግሞ አንድ መጽሐፍ አሳተመ፤ ጥቁሮች በአሜሪካ ፍትሕ አያገኙም፣ ወደ አፍሪካ ይመለሱ የሚል። ኦበርሊን የተማረ፣ ከነጮች ጋር በአንድ ማሊያ የተሰለፈ ሰው እዚያ ድምዳሜ ላይ ደረሰ። በ1924 አረፈ። ኦሃዮ ከ2017 ጀምሮ የልደት ቀኑን ኦክቶበር 7ን በስሙ ታስባለች።


አራት ኪሎ ጻፈ፦

አንድ የመጨረሻ ጥያቄ። በቅርቡ የጥቁሮች ሊግ ቁጥሮች ከሜጀር ሊግ መዝገብ ጋር ተቀላቀሉ ሲባል ሰምቻለሁ። እነ ኩባን ጃይንትስና ፋውለርም ገቡ ማለት ነው?


መዝገብ ፈላጊ ጻፈ፦

አልገቡም። ሜጀር ሊግ በ2020 መጨረሻ እውቅና የሰጠው ከ1920 እስከ 1948 ለነበሩ ሰባት ሊጎች ነው፤ በ2024 ቁጥሮቻቸው ሲገቡ የጥቁሮቹ ሊግ ተጫዋች ጆሽ ጊብሰን በ.372 የቀድሞውን መሪ ታይ ካብን አልፎ የምንጊዜም የመምታት አማካይ መሪ ሆነ። ከ1920 በፊት ግን ጥቁሮቹ የተደራጀ፣ በቋሚ መርሐ ግብር የሚሄድ ሊግ ስላልነበራቸው፣ ከተማ ለከተማ እየዞሩ ያገኙትን ስለሚጋጠሙ መስፈርቱን አያሟሉም ተብሏል። ሊግ ያልነበራቸው ግን ከነጮቹ ሊግ ስለተባረሩ ነው፤ መስፈርቱ ያንኑ ክልከላ መልሶ ይቆጥርባቸዋል። የ1887ቱ ውሳኔ ዛሬም መዝገቡ ላይ እየሠራ ነው የምለው ለዚህ ነው። የኩባን ጃይንትስ ውጤቶች በዘመኑ የትሬንተንና የኒውዮርክ ጋዜጦች ላይ ታትመዋል፤ ጊዜ ያለው ሰው ከላይብረሪ ኦፍ ኮንግረስ የድሮ ጋዜጦች ክምችት ይጀምር፣ በነፃ ነው፤ እኔ 1886ን እያየሁ ነው፣ 1887ን የሚይዝ ካለ ይጻፍልኝ።


የወጣቶች ደሴት ጻፈ፦

1887ን እኔ ይዣለሁ። ጡረታ ወጥቻለሁ፣ ጊዜ አለኝ።